የመርከብ ሞተር ማቀዝቀዣ ሥርዓት ኃይል እንዳያባክን ማድረግ፦ ከመለካት እስከ ፓምፕ ፍጥነት ቅነሳ

«የባሕር ውሃ ፓምፑ ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ብናስገጥም ምን ያህል ነዳጅ እንቆጥባለን?» ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልናል። ቁጥር ከመስጠታችን በፊት ሁልጊዜ መልሰን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ባለ ሦስት መንገዱ ቫልቭ አሁን ምን ያህል ውሃ በባይፓስ (ማቀዝቀዣውን ሳይነካ በሚያልፍ የጎን መስመር) እያሳለፈ ነው? መልሱን የሚያውቅ ሰው ቁጠባውን ራሱ ማስላት ይችላል። ካላወቀው ግን ፓምፑ ላይ ያተረፈውን ዋናው ሞተር መልሶ ሊበላበት ይችላል።

መመሪያው ማዕከላዊ ማቀዝቀዣ ላላቸው መርከቦች ነው። በእነዚህ መርከቦች የባሕር ውሃ በትልልቆቹ ኩለሮች (ሙቀት መለዋወጫዎች) በኩል ብቻ ያልፋል። እዚያ ኤል ቲ የምንለውን የዝቅተኛ ሙቀት ንጹሕ ውሃ አቀዝቅዞ ወደ ባሕር ይመለሳል። ኤል ቲው በተራው ስካቬንጅ የሚባለውን ወደ ሲሊንደር የሚገባ አየር፣ የቅባት ዘይቱን፣ እንዲሁም ኤች ቲ የተባለውን በሲሊንደሮች ዙሪያ የሚዞር ውሃ ያቀዘቅዛል።

ይህ ሁሉ ሲነደፍ ባሕሩ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሞተሩም ሙሉ ጭነት ላይ ነው ተብሎ ነው። መርከቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በቀዘቀዘ ባሕርና ባነሰ ጭነት ይጓዛል። ፓምፑ ይህን ስለማያውቅ ሌት ተቀን ለከፋው ቀን የተለካውን ውሃ ይገፋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ቢያንስ 2 ዲጂታል ቴርሞሜትሮች (ቱቦ ላይ የሚታሰሩ ቢሆኑ ይመረጣል)
- በቅርብ የተረጋገጡ የግፊት ጌጆች፣ ለኩለሩ መግቢያና መውጫ፣ ለፓምፑ መሳቢያና መግፊያ
- ኪሎዋት የሚያነብ የኃይል መለኪያ
- ቱቦ ሳይቆረጥ ከውጭ ተለጥፎ ፍሰት የሚለካ አልትራሳውንድ መሣሪያ (በኪራይም ቢሆን)
- የፓምፑ ኩርባ (የፍሰቱንና የግፊቱን ዝምድና የሚያሳየው የሠሪው ሥዕል)፣ የኩለሩ ሰነድ፣ የመርከቡ የሙከራ ጉዞ መዝገብ
- የውሃ መመርመሪያ ኪት፦ ፒኤች፣ ክሎራይድ፣ የዝገት መከላከያ ኬሚካል መጠን
- ለኩለር እጥበት ሲትሪክ፣ ሰልፋሚክ ወይም ፎስፎሪክ አሲድ፣ ማዞሪያ ፓምፕና ታንክ
- ለስላሳ ብሩሽ፣ ሜትር፣ የሚረጭ ቀለም
- መነጽር፣ የአሲድ ጓንት፣ ሽርጥ

1. መነሻውን ይለኩ

ሞተሩ ጭነቱ ሳይለዋወጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከሄደ በኋላ የሚከተሉትን በአንድ ጊዜ ይመዝግቡ፦ የባሕር ውሃ ሙቀት ኩለሩ መግቢያና መውጫ ላይ፣ የኤል ቲ ሙቀት ኩለሩ መግቢያና መውጫ ላይ፣ ከባለ ሦስት መንገዱ ቫልቭ በኋላ ያለው የተቀላቀለ ውሃ ሙቀት፣ በኩለሩ በሁለቱም ወገን ያለው የግፊት ልዩነት፣ የስካቬንጅ አየር ሙቀት፣ የሞተሩ ጭነት፣ የእያንዳንዱ ፓምፕ ኪሎዋት።

አምፔር ብቻ አይበቃም። የፓምፑ ኤሌክትሪክ ሞተር በቀነሰ ጭነት ሲሠራ የኃይል ፋክተሩ ስለሚወርድ አምፔሩ ከኪሎዋቱ ጋር እኩል አይቀንስም። ኪሎዋት የሚያነብ መሣሪያ ከሌለዎት ቮልቱን፣ አምፔሩንና ኮሳይን ፋይን (የኃይል ፋክተሩን) አባዝተው በ1.732 ያባዙ። ለምሳሌ 440 ቮልት፣ 75 አምፔርና 0.85 ከሆነ 48.6 ኪሎዋት አካባቢ ይመጣል።

ቴርሞሜትሮቹንም ዝም ብለው አይመኑ። ንጹሕ ኩለር ላይ በሚወጣው ኤል ቲና በሚገባው የባሕር ውሃ መካከል የሚፈለገው ልዩነት 4 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የ2 ዲግሪ ስህተት ሙሉ ምርመራውን ያበላሻል። ሁለቱንም አንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ የሚያሳዩትን ልዩነት ይመዝግቡና ከንባቡ ላይ ያርሙ። በርቀት የሚያነብ ኢንፍራሬድ መሣሪያ የሚያብረቀርቅ ቱቦ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ቱቦው ላይ ጥቁር የማያብረቀርቅ ቴፕ ለጥፈው ቴፑን ያንብቡ።

2. ባለ ሦስት መንገዱን ቫልቭ ያንብቡ

ኤል ቲው በቂ ሲቀዘቅዝ ቫልቩ ከፊሉን ውሃ ኩለሩን ሳይነካ በባይፓስ ያሳልፋል። በባይፓስ የሚሄደው ውሃ በዛ ማለት ከሚያስፈልገው በላይ የባሕር ውሃ እየገፉ ነው ማለት ነው። የባይፓሱን ድርሻ እንዲህ ያገኙታል፦

(የተቀላቀለው ሙቀት − ከኩለሩ የወጣው ሙቀት) ÷ (ወደ ኩለሩ የሚመለሰው ሙቀት − ከኩለሩ የወጣው ሙቀት)

ኤል ቲው 44 ዲግሪ ሆኖ ይመለሳል፣ ከኩለሩ በ24 ይወጣል፣ ከቫልቩ በኋላ 36 ነው እንበል። 12 ለ20 ሲካፈል 0.6 ነው። ከኤል ቲው 60 በመቶ ኩለሩን ሳያይ እየዞረ ነው። እዚህ መርከብ ላይ የባሕር ውሃውን መቀነስ የሞተሩን የውሃ ሙቀት አይነካውም፤ ቫልቩ ባይፓሱን እየዘጋ 36ቱን ይጠብቀዋል። ይህ ቁጠባ ምንም አያስከፍልም።

ስሌቱን ከቫልቩ ጠቋሚ ጋር ያስተያዩ። ጠቋሚው ባይፓሱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል እያለ ስሌቱ 15 ወይም 20 በመቶ ከሰጠዎት ቫልቩ ውስጥ ለውስጥ ያሳልፋል። ይህ ብልሽት ብዙ ያሳስታል፤ ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር እየተቀላቀለ ሙቀቱ አልወርድ ሲል ተረኛው ሁለተኛ ፓምፕ ያስነሳል፣ ኩለሩም ያለ ጥፋቱ ይከፈታል። የቫልቩን መቀመጫና ማኅተም ይጠግኑ፤ በሰም የሚሠራ ቴርሞስታት ከሆነ ኤለመንቱን ይቀይሩ። ሌላ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ይህ መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ቀጥሎ የሚለኩት ሁሉ የሐሰት ነው።

3. የውሃውን መንገድ ያጽዱ

የቆሸሸ ኩለር ባለበት መርከብ ላይ የፓምፕ ፍጥነት መቀነስ አይቻልም። መጀመሪያ ግን ቆሻሻው የት እንዳለ ሁለት ቁጥሮችን አይተው ይለዩ። አንደኛው ከኩለሩ በሚወጣው ኤል ቲና በሚገባው የባሕር ውሃ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። ሁለተኛው ኩለሩ በባሕር ውሃ ወገን የሚያሳየው የግፊት ልዩነት ነው።

- ሁለቱም ካደጉ ዛጎል፣ ላስቲክ ወይም ደለል መንገዱን ዘግቷል። ብዙውን ጊዜ ፍሰቱን ገልብጦ ማጠብ ይበቃል።
- ሙቀቱ አድጎ ግፊቱ ብዙም ካልተለወጠ ፕሌቶቹ (የኩለሩ ስስ የብረት ሳህኖች) ላይ ልጋግ ወይም ኖራማ ቅርፊት ተለጥፏል። ቅርፊቱ አሲድ ይፈልጋል።
- ሙቀቱ አድጎ ግፊቱ ከቀነሰ ውሃው ራሱ አልመጣም። ስትሬይነሩን (የባሕር ውሃ ማጣሪያውን)፣ የመሳቢያ ቫልቩንና ፓምፑን ይመልከቱ።

ልዩነቶቹን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ጭነትና ፍሰት ከተለካ መነሻ ጋር ብቻ ያወዳድሩ። በ50 በመቶ ጭነት ቆሻሻም ኩለር ንጹሕ ይመስላል።

ስትሬይነር። በሁለቱ ወገኖቹ ያለው የግፊት ልዩነት ከንጹሑ እጥፍ ሲሆን ያጽዱት። ወደብና ጥልቀት በሌለው ውሃ ከፍ ባለው የባሕር ውሃ መግቢያ፣ ክፍት ባሕር ላይ ዝቅ ባለው ይጠቀሙ፤ ዝቅተኛው ወደብ ላይ ጭቃ ይስባል፣ ከፍተኛው ማዕበል ላይ አየር ይስባል። አየር የገባበት ኩለር ከላይ በኩል ሥራ ያቆማል፤ ስለዚህ ካጸዱ በኋላ አየሩን ማስወጣት አይርሱ።

ፕሌቶቹን ሳይከፍቱ ማጠብ። 5 በመቶ አካባቢ የሆነ ሲትሪክ ወይም ሰልፋሚክ አሲድ ከ60 ዲግሪ ሳያልፍ ከወትሮው በተቃራኒ አቅጣጫ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያዙሩ። ፒኤቹን በየ30 ደቂቃው ይለኩ። ፒኤቹ ሲጨምር አሲዱ እየተበላ ነው፣ ይጨመርበት፤ ባለበት ሲቆም ደግሞ ቅርፊቱ አልቋል። ከዚያ የሚወጣው ውሃ የገባውን ያህል ፒኤች እስኪኖረው በንጹሕ ውሃ ያጠቡ።

ከፍቶ ማጽዳት። ከመፍታትዎ በፊት በፕሌቶቹ ጥቅል ጎን ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ መስመር በቀለም ይሳሉ። ሲመልሱት መስመሩ ቀጥ ካለ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ ከተሰበረ አንዱ ፕሌት ቦታውን ስቷል። በሁለቱ ፍሬሞች መካከል ያለውን ርዝመት በሜትር ለክተው ይጻፉ። ሲያጠብቁ ቡሎኖቹን በሰያፍ እየተፈራረቁ፣ በየጥጉ እየለኩ፣ ኩለሩ ላይ በተለጠፈው ታፔላ ወደተጻፈው ርዝመት ያድርሱ። ከዚያ በታች ማጥበቅ ፕሌቱን ያጣምመዋል፤ ማፍሰሱንም አያቆመውም። ጓርኒሲዮኑ ደርቆ ከሆነ መለወጥ እንጂ መጭመቅ መፍትሔ አይደለም።

4. ገንዘብ የማይጠይቀውን ቁጠባ ይውሰዱ

ሁለት የባሕር ውሃ ፓምፖች አብረው እየሠሩ ከሆነና የባይፓሱ ድርሻ ትልቅ ከሆነ አንዱን ያቁሙ። የቀረው ብቻውን ከግማሽ በላይ ውሃ ያመጣል፤ ምክንያቱም በቱቦው ውስጥ ያለው መቋቋም ቀንሷል። በዚያው ልክ የዚያ ፓምፕ አምፔር ከፍ ይላል። ካቆሙ በኋላ አምፔሩ በፓምፑ ሞተር ታፔላ ላይ ካለው እንዳያልፍ፣ ፓምፑም ጠጠር እንደሚፈጭ ዓይነት ድምፅ እንዳያወጣ ያረጋግጡ። ድምፁ የካቪቴሽን (ፓምፑ ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ተፈጥሮ የመፈንዳት) ምልክት ነው፤ ከሰሙት መግፊያ ቫልቩን ድምፁ እስኪጠፋ በትንሹ ጠበብ ያድርጉት።

ወደብ ላይ ዋናው ሞተር ቆሞ ለዋናው ሞተር የተለካ ፓምፕ የሚዞርበት ምክንያት የለም። አነስተኛው የወደብ ፓምፕ ካለ እሱን ያስነሱ። የቆመው ሞተር የስካቬንጅና የዘይት ኩለሮችን ቫልቮች ዘይቱ መቀዝቀዙን አይተው ይዝጉ። የቆመውን ዋና ሞተር ለማሞቅ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከመጠቀም ይልቅ ከሚሠራው ጄኔሬተር የሚወጣውን ኤች ቲ ውሃ ማዞር ይሻላል፤ ያ ሙቀት አለዚያ ወደ ባሕር ነው የሚሄደው። ሆኖም ከመነሳቱ በፊት ሞተሩ አምራቹ ከሚጠይቀው ሙቀት፣ ብዙውን ጊዜ 50 ዲግሪ፣ በታች መሆን የለበትም።

መግፊያ ቫልቩን በማጥበብ ብቻ ኃይል ለመቆጠብ መሞከር ትርፉ ትንሽ ነው። ፓምፑ የሠራው ግፊት ቫልቩ ላይ ይባክናል፤ ቫልቩም ይበላል።

5. ፓምፑን ይፈትሹ

ዌር ሪንጉ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ክፍተቱን የሚያጠብበው ቀለበት) የተበላ ፓምፕ ውሃውን ከመግፊያው ወደ መሳቢያው መልሶ ስለሚያዞር ኃይሉን በልቶ ውሃውን አይሰጥም። ቀላሉ ፈተና የሚከተለው ነው፦ መግፊያ ቫልቩን ዘግተው ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ የመግፊያና የመሳቢያ ግፊቱን ያንብቡ፤ ልዩነቱን ከፓምፑ ኩርባ ጋር ያወዳድሩ። አንድ ባር የባሕር ውሃ 10 ሜትር ገደማ ነው። ግልጽ ጉድለት ካለ ፓምፑ ይከፈት፤ የዌር ሪንጉ ክፍተት ሠሪው ከፈቀደው ካለፈ ይለወጥ። ይህ ፈተና ለሴንትሪፉጋል ፓምፕ ብቻ ነው። በጊር ወይም በስክሩ የሚገፋ ፓምፕ ላይ ቫልቭ ዘግቶ መሞከር ቱቦ ያፈነዳል።

6. የፓምፑን ፍጥነት ይቀንሱ

የፓምፑ ፍጥነት ሲቀንስ የውሃው መጠን በዚያው ልክ፣ ግፊቱ በፍጥነቱ ስኩዌር፣ የሚበላው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ኪዩብ ይወርዳል። በ80 በመቶ ፍጥነት ኃይሉ 51 በመቶ፣ በ70 በመቶ ፍጥነት 34 በመቶ ነው። ቪኤፍዲ የሚባለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ፓምፑ ሁልጊዜ በአንድ መጠን የሚበዛ ከሆነና ቪኤፍዲ ካልተገኘ ኢምፔለሩን (ውሃውን የሚገፋውን የፓምፑን ተሽከርካሪ) በቶርኖ ማሳነስም ይቻላል። ነገር ግን ሠሪው ከፈቀደው አይለፉ፤ የተቆረጠ ኢምፔለርም ሞቃት ባሕር ውስጥ እንደማይመለስ ያስቡ።

ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፦

ሀ. መርከቡን የመደበውን የምደባ ድርጅት (የመርከቡን ደኅንነት መርምሮ የሚያረጋግጠውን) አስቀድመው ያሳውቁ። የዋናው ሞተር ማቀዝቀዣ ፓምፕ አስፈላጊ ከሚባሉት መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይነካም። የኤሌክትሪክ መረቡ የሃርሞኒክ መዛባትም (ቪኤፍዲው በቮልቴጁ ሞገድ ላይ የሚያመጣው ብልሽት) ተሰልቶ ከ8 በመቶ እንዳያልፍ ይረጋገጥ።

ለ. ዝቅተኛውን ፍጥነት ይወስኑ። ወሰኑን የሚያበጁት አራት ነገሮች ናቸው፤ ቀድሞ የሚመጣው ያቆምዎታል። ከኩለሩ የሚወጣው የባሕር ውሃ ከ50 ዲግሪ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ጨው ፕሌቱ ላይ ይጋገራል። በቱቦው ውስጥ ያለው ፍጥነት ከ1 ሜትር በሰከንድ በታች ለረጅም ጊዜ ከወረደ ደለል ይዘቅጣል፣ የዛጎል ጫጩትም ይጣበቃል። ከዚሁ መስመር የሚጠጡ ሌሎች መሣሪያዎች ካሉ ግፊታቸው ይበቃ እንደሆነ ይታይ። አራተኛው ከፍታ ነው፤ በ25 ሜትር ግፊት የሚሠራ ፓምፕ በግማሽ ፍጥነት 6 ሜትር ብቻ ይቀረዋል። መርከቡ ባዶውን ሲሄድ ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ከባሕሩ ወለል ከፍ ስለሚል ፓምፑ እየዞረ ውሃው የሚቆምበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ዝቅተኛውን ፍጥነት መርከቡ ባዶ ሆኖ ይፈትኑት።

ሐ. ሁለቱን ተቆጣጣሪዎች አያጋጩ። ቫልቩም ፓምፑም የኤል ቲን ሙቀት ተመልክተው ስለሚሠሩ በአንድ ቁጥር ላይ ካስቀመጧቸው ይጣላሉ፤ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ሲል ያድራል። የቫልቩን ቁጥር ከፓምፑ ቁጥር በ3 ዲግሪ ያህል ዝቅ ያድርጉ። ፓምፑ 36ን ይጠብቅ፣ ቫልቩ 33ን። ከ33 በላይ ቫልቩ ውሃውን ሁሉ ወደ ኩለሩ ይልካል፣ ሥራውን ፓምፑ ይይዛል። ፓምፑ ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ ደርሶም ሙቀቱ መውረዱን ከቀጠለ ቫልቩ ባይፓሱን ይከፍታል። ቦታ ተገልብጦ የቫልቩ ቁጥር ከበለጠ ግን ፓምፑ እየፈጠነ ቫልቩ ባይፓስ ይከፍታል፤ ቪኤፍዲ ተገጥሞም ቁጠባ የጠፋባቸው መርከቦች ላይ መጀመሪያ የምናየው ይህን ነው።

መ. ተጠባባቂው ፓምፕ በግፊት ማነስ የሚነሳ ከሆነ የግፊት ማብሪያው ለሙሉ ፍጥነት የተሰላ ነው። ፍጥነቱ ሲወርድ ያለ ምክንያት ሁለተኛውን ፓምፕ ያስነሳል። ወሰኑ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ እንዲወርድ ይደረግ። ማብሪያውን ነቅሎ መተው አይፈቀድም።

ሠ. የሙቀት ሴንሰሩ ቢበጠስ ፓምፑ ወደ ሙሉ ፍጥነት እንዲሄድ፣ ቪኤፍዲው ቢበላሽ ተጠባባቂው በቀጥታ እንዲነሳ ያስተካክሉ። ሽቦውን ነቅለው ይሞክሩት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ፓምፑ በራሱ መነሳቱን ይፈትሹ።

7. ትክክለኛውን የኤል ቲ ሙቀት ይፈልጉ

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። ባይፓሱ ከተዘጋ በኋላ የባሕር ውሃውን ይበልጥ ከቀነሱ የኤል ቲው ሙቀት ይወጣል፤ ከሱ ጋር የስካቬንጅ አየሩ ይሞቃል። ባለሁለት ምት ትልልቅ ሞተሮች ላይ የስካቬንጅ ማቀዝቀዣው ውሃ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ የነዳጅ ፍጆታው ከ0.4 እስከ 0.6 በመቶ ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የዋናው ሞተር በመቶኛ ነው።

ምሳሌ ይኸውና። ሞተሩ 10,000 ኪሎዋት እየሰጠ ለኪሎዋት ሰዓት 170 ግራም ይበላል፤ በቀን 40,800 ኪሎ ነዳጅ ነው። እያንዳንዱ የኤል ቲ ዲግሪ በቀን ከ16 እስከ 24 ኪሎ ያስወጣል። ፓምፑ በሰዓት 500 ሜትር ኩብ በ25 ሜትር ግፊት ይገፋል፣ ከመረቡ 48 ኪሎዋት ይወስዳል። ጄኔሬተሩ ለኪሎዋት ሰዓት 220 ግራም ይፈጃል። ባይፓሱ ዝግ ነው።

ፓምፑን ወደ 70 በመቶ ስናወርደው የቪኤፍዲው ብክነት ተጨምሮ 18 ኪሎዋት ይወስዳል። በቀን 158 ኪሎ ነዳጅ ተረፈ። ኤል ቲው 2.5 ዲግሪ ቢሞቅ ሞተሩ ከ40 እስከ 60 ኪሎ መልሶ ይወስዳል። ንጹሕ ትርፉ ወደ 100 ኪሎ ነው።

አሁን ወደ 50 በመቶ እንውረድ። ፓምፑ 7 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ተጨማሪው ቁጠባ 58 ኪሎ ብቻ ነው። የውሃው መጠን በማነሱ ግን ኤል ቲው ሌላ 4 ዲግሪ ቢጨምር ሞተሩ ከ65 እስከ 100 ኪሎ ይወስዳል። ከ70 ወደ 50 መውረዱ ኪሳራ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ቅናሾች ብዙ ይሰጣሉ፣ የመጨረሻዎቹ ምንም አይሰጡም፤ የሞተሩ ኪሳራ ግን በእያንዳንዱ ዲግሪ ይጨምራል።

የራስዎን መርከብ ለማወቅ በረጋ ባሕርና በቋሚ ጭነት ፓምፑን 100፣ 85፣ 70፣ 60 በመቶ ላይ እያደረጉ በእያንዳንዱ ሙቀቱ እስኪረጋ ይጠብቁ። የፓምፑን ኪሎዋትና የኤል ቲን ሙቀት ይመዝግቡ፤ ከላይ ባለው ስሌት ሁለቱንም ወደ ኪሎ ነዳጅ ይለውጡና ድምሩ ያነሰበትን ይምረጡ። የሞተሩን የነዳጅ ለውጥ በቀጥታ ከፍሎ ሜትር ለማንበብ አይድከሙ፤ ማዕበልና ንፋስ ከሚያመጡት ለውጥ ስለሚያንስ አይታይም።

ኤል ቲውን ዝቅ ማድረግ የሞተሩ ሠሪ በፈቀደው ልክ ብቻ ነው። ባለአራት ምት ሞተር በአነስተኛ ጭነት አየሩ ሲቀዘቅዝበት በደንብ አያቃጥልም። እርጥብ አየርም ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ 30 ዲግሪ የሆነ 80 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ወደ 3 ባር ፍጹም ግፊት ሲጨመቅ ገና 46 ዲግሪ ላይ ውሃ መሆን ይጀምራል። ኩለሩ ሥር ያለው የውሃ መውረጃ ክፍት መሆኑንና ውሃ እየወረደበት መሆኑን በየፈረቃው ይዩ። ሞቃትና እርጥብ ባሕር ላይ ምንም ካልወረደ ተዘግቷል፤ ውሃው ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው።

8. የኤች ቲውን ሙቀት ሥራ ላይ ያውሉ

ኤች ቲውን አያቀዝቅዙት። ከሞተሩ ሲወጣ ሠሪው ባዘዘው፣ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ውስጥ፣ ይቆይ። ከዚያ በታች የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የሰልፈር አሲድ ይፈጠርና ብረቱን ይበላዋል። ይልቅ ወደ ማቀዝቀዣው ከመሄዱ በፊት በንጹሕ ውሃ ማምረቻው ውስጥ እንዲያልፍ ያድርጉ። በቀን አንድ ቶን ውሃ ለማምረት 28 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ይበቃል፤ 20 ቶን የሚያመርት መሣሪያ 560 ኪሎዋት ከኩለሩ ላይ አነሳ ማለት ነው። የማምረቻውን ባይፓስ ቫልቭ በትክክል መዘጋቱን ይዩ፤ ጥቂት የሚያሳልፍ ቫልቭ ምርቱን በግልጽ ይቀንሳል።

9. ውሃውን ይመርምሩ

በሳምንት አንዴ ኤል ቲንና ኤች ቲን ይመርምሩ። ክሎራይድ ከ50 ፒፒኤም በታች ይሁን፤ ፒኤችና የመከላከያው ኬሚካል መጠን አቅራቢው በሰጠው ወሰን ውስጥ ይቆይ። ክሎራይድ ቀስ በቀስ ከጨመረ አንድ ፕሌት ወይም ጓርኒሲዮን የባሕር ውሃ እያስገባ ነው። የመከላከያው መጠን ሲያንስ ዝገት በሙቀት ማስተላለፊያው ላይ እንደ ብርድ ልብስ ይጋረዳል፤ ከባሕር ውሃ ወገን የቱንም ያህል ቢያጸዱ አይለቅም።

ማስጠንቀቂያዎች

- ስትሬይነር ሲከፍቱ መግቢያና መውጫ ቫልቮቹን ዘግተው መጀመሪያ የላዩን አየር ማስወጫና የታቹን ማፍሰሻ ይክፈቱ። ውሃው መፍሰሱን ካላቆመ የባሕር ቫልቩ አልያዘም፤ ክዳኑን አይንኩ። ካቆመም ዳዶዎቹን ላላ አድርገው ክዳኑን ትንሽ አንስተው ይዩ እንጂ ሁሉንም አውልቀው አይጣሉ። ሞተር ክፍል በውሃ የሚሞላው በዚህ ስህተት ነው።
- ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የማይዝግ ብረት ፕሌት ላይ፣ ፍሎራይድ ያለበት አሲድ ደግሞ ታይታኒየም ላይ ፈጽሞ አይደረግም። ፕሌቱን ይበሱታል።
- አሲድን ውሃ ላይ እንጂ ውሃን አሲድ ላይ አይጨምሩ። አየር ማስወጫ ክፍት ይሁን፤ ቅርፊቱ ሲሟሟ ጋዝ ይወጣል።
- ኩለሩን ግፊቱ ሳይለቀቅና ከ40 ዲግሪ በታች ሳይቀዘቅዝ አይፍቱ።
- ቪኤፍዲ ከጠፋ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ቮልቴጅ ይይዛሉ። ሠሪው የጻፈውን ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያም ለክተው ይንኩ።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

*ፓምፑን ለረጅም ጊዜ አንድ ፍጥነት ላይ መተው።* ዝቅተኛ ፍጥነት ልጋግ ያበዛል። በቀን አንዴ ለ15 ደቂቃ ያህል ሙሉ ፍጥነት መስጠት የተቀመጠውን ደለል ያነሳል፤ የሚያስወጣው ኃይልም ኢምንት ነው።

*በብረት ብሩሽ መፋቅ።* ፕሌቱ ይጫራል፤ በጭረቱ ላይ ቅርፊቱ ቀድሞ ይይዛል።

*የዘይቱን ሙቀት መርሳት።* ኤል ቲው ሲቀየር የዘይት ቴርሞስታቱ ሥራውን ካልቻለ ወደ ሞተሩ የሚገባው ዘይት ይወፍራል ወይም ይቀጥናል። ደረጃ 7ን ሲሠሩ እሱንም ይመዝግቡ።

*የባሕር ሕይወት መከላከያውን መጠን አለማስተካከል።* ዛጎልና ልጋግ እንዳይጣበቅ መዳብ ወደ ባሕር ውሃው የሚለቁት አኖዶች የኤሌክትሪክ ጅረት ለሙሉ ፍሰት የተሰላ ነው። ፍሰቱ ሲቀንስ ጅረቱም ካልቀነሰ መዳብ ይበዛል፤ አኖዱም ያለ ጊዜው ያልቃል። ሠሪው ለአዲሱ ፍሰት የሚሰጠውን ቁጥር ያስገቡ።

*ከእጥበት በኋላ አለመለካት።* ኩለሩ በታጠበ ማግስት በተለመደው ጭነት የሁለቱን ልዩነቶች ቁጥር በኩለሩ ጎን ላይ በማይጠፋ ቀለም፣ ከቀኑ፣ ከጭነቱና ከፓምፑ ፍጥነት ጋር ይጻፉ። የሙቀት ልዩነቱ በዚያው ጭነትና ፍጥነት 2 ዲግሪ ሲጨምር ቀጣዩ እጥበት ደርሷል።